ያመኑት ልጆች፣ ያላመነችው ከተማ፦ ስለ «ዌን ዜይ ሲ አስ» እና ስለጎደለው አምስተኛ ክፍል

በአማርኛ «አመነ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ሰው ሰውን ያምናል፤ ሰው ጥፋቱንም ያምናል። በሚያዝያ 1989 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ከተማ የተያዙት አምስት ልጆች ታሪክ በዚህ አንድ ግስ ሊነገር ይችላል። «ቃላችሁን ስጡና ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ» መባሉን አመኑ፤ በዚያው ያልሠሩትን አመኑ። ከ13 ዓመት በኋላ ፍርዱ ተሰረዘ። ከዚያም ከተማዋን ከሰሱ፤ ከተማዋ ግን 11 ዓመት ተከራክራ፣ በመጨረሻ 41 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍላ፣ እስከ ዛሬ አላመነችም።

ይህን ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው አቫ ዱቨርኔይ ለኔትፍሊክስ በሠራችው ባለ አራት ክፍል ተከታታይ ፊልም፣ «ዌን ዜይ ሲ አስ» በተባለው ነው። እዚህ እስራኤል በእኔ ዕድሜ ያሉ የቤተ እስራኤል ልጆች መካከል ያላየው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ተመስግኗል፣ መመስገንም ይገባዋል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታዬም ፊልሙ ስላሳየው ነገር አይደለም፣ ስላለፈው ነገር ነው። ተከታታዩ ልጆቹ ነጻ በተባሉበት ቀን ያልቃል። ከዚያ በኋላ በከተማዋና በአምስቱ ሰዎች መካከል የነበረው ረጅሙ የፍትሐ ብሔር ክርክር በመጨረሻ ላይ በጽሑፍ ብቻ ይታለፋል። ለእኛ ደግሞ ዋናው ትምህርት እዚያ ይመስለኛል።

ታሪኩ ባጭሩ

ሚያዝያ 19 ቀን 1989 ማታ በሴንትራል ፓርክ ስትሮጥ የነበረች የ28 ዓመት ሴት ተደብድባና ተደፍራ፣ ለሞት ተቃርባ ተገኘች። በዚያች ሌሊት ከሰላሳ የማያንሱ ወጣቶች ፓርኩ ውስጥ ገብተው ነበር፤ አንዳንዶቹ መንገደኛ ይተናኮሉ ነበር። ፖሊስ ከእነሱ መካከል ብዙዎቹን ሰበሰበ። በመጨረሻ የተከሰሱት አንትሮን መክሬይ፣ ኬቪን ሪቻርድሰን፣ ዩሴፍ ሳላም፣ ሬይመንድ ሳንታና እና ኮሪ ዋይዝ ናቸው። አራቱ 14 እና 15 ዓመታቸው ነበር፤ ኮሪ 16። ኮሪ ፖሊስ ከሚፈልጋቸው ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ጓደኛው ዩሴፍ ሲወሰድ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ ነው አብሮ የሄደው።

ልጆቹ ከ14 እስከ 30 ሰዓት በሚደርስ ጊዜ ውስጥ ተመረመሩ። አራቱ በቪዲዮ ፊት ቃል ሰጡ። ቃላቸው ግን እርስ በርሱ አይገጥምም ነበር፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ማን ምን አደረገ የሚለው ሁሉ ይለያያል። የዲኤንኤ ምርመራውም ከአምስቱ ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም። ያም ሆኖ በ1990 በተካሄዱ ሁለት ችሎቶች ጥፋተኛ ተባሉ። አራቱ ከ6 እስከ 7 ዓመት ገደማ፣ ኮሪ ደግሞ 13 ዓመት ገደማ ታሰሩ። በ2002 ማቲያስ ሬየስ የተባለ፣ በሌሎች ወንጀሎች የዕድሜ ልክ እስር የተፈረደበት ሰው «እኔ ነኝ፣ ብቻዬን ነው ያደረግኩት» አለ፤ ዲኤንኤውም ገጠመ። በታኅሣሥ 2002 ፍርዱ ተሰረዘ።

ፊልሙ የቻለው

ከሚደነቀው ልጀምር። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሐሰተኛ የእምነት ቃል ከተሠሩት ሁሉ ጠንካራው ነው ብል አላጋነንኩም። ብዙ ሰው «ያልሠራውን ሰው እንዴት አምኖ ይፈርማል?» ብሎ ይጠይቃል። ዱቨርኔይ በክርክር አትመልስም፤ ጊዜውን ታሳየናለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ምግብ የለም፣ እንቅልፍ የለም፣ አንዱ መርማሪ ይወጣል ሌላው ይገባል፣ «ጓደኛህ ባንተ ላይ መስክሯል» ይባላል። ልጁ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤቱ መግባት። መርማሪው የሚፈልገውን ዓረፍተ ነገር ከሰጠው ቤቱ የሚገባ ይመስለዋል። በሕግ መጽሐፍ ውስጥ «በፈቃደኝነት የተሰጠ ቃል» የሚለው ሐረግ ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ከዚህ በላይ ያስረዳኝ የለም።

ሁለተኛው ድንቅ ነገር ወላጆቹ ናቸው። አንዳንዶቹ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነበሩ። አንድ አባት የገዛ ልጁን «የሚሉህን በል» ብሎ ሲቆጣው ታያለህ፤ ልጁን ስለማይወድ አይደለም፣ ፖሊስ ምን ማድረግ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ይህን ያየ የእኛ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ወላጆቻችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ሲቆሙ ድምፃቸው እንዴት እንደሚቀንስ፣ ያልገባቸውን ወረቀት «እሺ» ብለው እንዴት እንደሚፈርሙ አይተናል።

አራተኛው ክፍል የኮሪ ነው። ጃረል ጀሮም ከአምስቱ መካከል ልጁንም ጎልማሳውንም የተጫወተ ብቸኛው ተዋናይ ነው፤ ኤሚ ሽልማትም አግኝቶበታል። ሌሎቹ አራት ሲያድጉ ተዋናይ ይቀየራል፤ ኮሪ ግን አይቀየርም። ከአዋቂዎች ጋር ስለታሰረ ልጅነቱ ያቋረጠበት ቦታ የለም፣ ያው ልጅ ነው በአንድ ፊት የሚያረጀው። ጥሩ ምርጫ ነው፣ ምንም ንግግር ሳያስፈልገው ነገሩን ይነግርሃል።

ፊልሙ የሳተው

ችግሩ «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ ላይ ይጀምራል። ተከታታዩ ለዚህ ጥያቄ አንድ ፊት ይሰጠዋል፦ የማንሃታን ዐቃቤ ሕግ የወሲብ ወንጀሎች ክፍል ኃላፊ የነበረችው ሊንዳ ፌርስታይን። ፌሊሲቲ ሃፍማን የምትጫወታት ፌርስታይን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ታዛለች፣ ትገፋለች፣ ማስረጃው ሲጎድል ታሪኩን ታጣምማለች። ለድራማ ይመቻል። ተመልካች የሚጠላው ሰው ይፈልጋል።

ውጤቱ ግን ምን ሆነ? በ2020 ፌርስታይን በስም ማጥፋት ኔትፍሊክስንና ዱቨርኔይን ከሰሰች፤ ያላልኩትንና ያላደረግኩትን አስደርጋችሁኛል አለች። ዳኛውም የተወሰኑ ትዕይንቶችን በተመለከተ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ። በሰኔ 2024፣ ችሎቱ ሊጀመር ሲል፣ ተስማሙ፦ ለእሷ ገንዘብ አልተከፈለም፣ ኔትፍሊክስ ያለ ጥፋታቸው ለታሰሩ ሰዎች ለሚሟገተው ኢኖሰንስ ፕሮጀክት አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፣ አንዳንድ ነገሮች ለድራማ ሲባል የተፈጠሩ ናቸው የሚለው ማስታወቂያም ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ተዛወረ። እንግዲህ አስቡት፦ አራት ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ላይ የነበረው ጥያቄ «ከተማዋ ልጆቹን ምን አደረገች?» መሆኑ ቀርቶ «ይህች ሴት ይህን ዓረፍተ ነገር ብላለች ወይስ አላለችም?» ሆነ። ጥፋትን በአንድ ሰው ላይ ስትጭን፣ ያ ሰው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነጻ በወጣ ቁጥር ጥፋቱ ሁሉ የቀለለ ይመስላል።

እውነቱ ደግሞ ይህ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። መርማሪዎች ነበሩ፣ ዐቃብያነ ሕግ ነበሩ፣ ቪዲዮውን አይተው ያመኑ የዳኝነት ሸንጎ አባላት ነበሩ፣ ልጆቹን በአውሬ የሰየሙ ጋዜጦች ነበሩ። ዶናልድ ትራምፕ ገና ችሎቱ ሳይጀመር፣ በግንቦት 1989፣ በአራት ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥቶ የሞት ቅጣት ይመለስ ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠራ «ሥርዓት» ይባላል፤ ሥርዓትን ደግሞ ተዋናይ አይጫወተውም።

በ2012 የወጣው «ዘ ሴንትራል ፓርክ ፋይቭ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በዚህ በኩል ይሻላል። ኬን በርንስ፣ ልጁ ሳራ በርንስና ባለቤቷ ዴቪድ ማክማን ናቸው የሠሩት። የሚጠላ አንድ ገጸ ባሕርይ የለውም፤ የከተማዋን የ1980ዎቹ ፍርሃት፣ የክራክ ዘመንን፣ ጋዜጦቹን ያስቀምጥልሃል፤ ከዚያ ትክክለኛዎቹን የቪዲዮ ቃሎች ያሳይሃል። የአንትሮን መክሬይ ፊት አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ድምፅ በላይ ስለ ጉዳቱ የሚናገር ትዕይንት በተከታታዩ ውስጥ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ደግሞ ራሷ ከተማዋ ወደ ፊልሙ ትገባለች። ክርክሩ ገና በፍርድ ቤት ሳለ፣ በ2012፣ ኒው ዮርክ ከተማ ለፊልም ሠሪዎቹ መጥሪያ ላከች፤ በፊልሙ ያልገቡትን ቀረጻዎችና ማስታወሻዎች አምጡ ብላ። ሳራ በርንስ ተማሪ ሳለች ከከሳሾቹ ጠበቆች ጋር በረዳትነት ሠርታ ስለነበር ከተማዋ «እናንተ ጋዜጠኞች ሳትሆኑ የከሳሽ ወገን ናችሁ» አለች። በየካቲት 2013 ዳኛ ሮናልድ ኤሊስ መጥሪያውን ውድቅ አደረጉ። እንግዲህ ከተማዋ ስለ አምስቱ ልጆች ፊልም የሠራውን ሰው እስከማሳደድ ድረስ ትከራከር እንደነበረ ይህ ያሳያል። ታዲያ ይህን የሚያህል ትግል እንዴት በአንድ የማብቂያ ጽሑፍ ይታለፋል?

ያልተሠራው አምስተኛ ክፍል

ከተማን መክሰስ ቀላል ነገር አይደለም። ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከተማን በሲቪል መብት ጥሰት መክሰስ አይቻልም ነበር። ይህን የቀየረው በ1978 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው ሞኔል የሚባለው ጉዳይ ነው፤ የሚገርመው ተከሳሿ ያቺው ኒው ዮርክ ነበረች። ነፍሰ ጡር ሠራተኞቿን ሐኪም ሳያዝ በፊት ያለ ደመወዝ እንዲወጡ ታስገድድ ነበር። ፍርድ ቤቱ ከተማ ሊከሰስ ይችላል አለ፣ ግን አንድ በር ከፍቶ ሌላ ዘጋ፦ ሠራተኛው ስላጠፋ ብቻ ከተማው አይጠየቅም፤ ጥፋቱ ከከተማው ፖሊሲ ወይም ከተለመደ አሠራሩ መምጣቱ መረጋገጥ አለበት። በዚያ ላይ ከ1976 ጀምሮ ዐቃቤ ሕግ በችሎት ክርክር ለሚሠራው ሥራ በገንዘብ እንዳይጠየቅ ፍጹም ጥበቃ አለው። ስለዚህ ከሳሽ ተበድያለሁ ብሎ ማሳየቱ አይበቃውም፤ በደሉ የአንድ መጥፎ ፖሊስ ሳይሆን የቤቱ ልማድ መሆኑን ማሳየት አለበት። ልብ በሉ፣ ይህ ቅድም ስለ ድራማው ያነሳሁት ጥያቄ ነው፦ ሰው ነው ወይስ ሥርዓት?

አምስቱ በ2003 ሲከሱ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰነዶች ነበሩ። አንደኛው በታኅሣሥ 2002 ከማንሃታን ዐቃቤ ሕግ ከሮበርት ሞርገንታው ቢሮ የወጣው፣ ናንሲ ራያን ያዘጋጀችው ነው። የልጆቹ ቃል እርስ በርሱ እንደሚጋጭ፣ ከቦታው ማስረጃ ጋር እንደማይገጥም ዘርዝሮ ፍርዱ ይሰረዝ ይላል። ሁለተኛው በጥር 2003 የወጣው፣ የፖሊስ ኮሚሽነር ሬይመንድ ኬሊ ያስጠኑትና ማይክል አርምስትሮንግ የመሩት የቡድን ሪፖርት ነው። እሱ ደግሞ ፖሊስ አላጠፋም፣ ልጆቹም በጥቃቱ በሆነ መንገድ ሳይሳተፉ አይቀሩም አለ። አንዲት ከተማ፣ በአንድ ወር ልዩነት፣ ሁለት እውነት።

በከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ዘመን የከተማዋ ጠበቆች አቋም ግልጽ ነበር፦ ፍርዱ መሰረዙ ሌላ፣ ፖሊስ አጥፍቷል ማለት ሌላ። መርማሪዎቹ ያኔ በነበራቸው መረጃ በቅን ልቦና ሠርተዋል። አሥር ዓመት ይህን ይዘው ቆሙ። ቢል ደ ብላሲዮ በምርጫ ዘመቻው እንዲያልቅ አደርጋለሁ ብሎ ነበር፤ ከንቲባ ሲሆን በ2014 ስምምነት ተደረሰ። ለአንድ የእስር ዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ስሌት ነው፦ ለአራቱ ለእያንዳንዳቸው 7.125 ሚሊዮን፣ ለኮሪ 12.25 ሚሊዮን። በስምምነቱ ግን ከተማዋም ሠራተኞቿም ጥፋት አላመኑም። ገንዘቡም ከመርማሪ ኪስ ሳይሆን ከከተማዋ ግምጃ ቤት ነው የወጣው፤ ማለትም የሃርለም እናቶች ከሚከፍሉት ግብር ጭምር።

ተከታታዩን ከእናቴ ጋር በድጋሚ ሳየው ንግግሩን እያጠፋሁ በአማርኛ እነግራት ነበር። መጨረሻ ላይ «ካሳ ተከፈላቸው» አልኳት። «ተመስገን» አለችና ትንሽ ቆይታ «ታዲያ አጥፍተናል አሉ?» ብላ ጠየቀች። «አይ፣ አላሉም» ስላት «ታዲያ ይሄ ምን ካሳ ነው ልጄ? ዝም ማሰኛ ነው እንጂ» አለች።

ይህን ጥያቄ ካነበብኳቸው ግምገማዎች በአንዱም አላገኘሁትም። በእኛ ሽምግልና ካሳ ብቻውን አይቆምም። መጀመሪያ አጥፊው «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ በአንዳንድ ቦታ ድንጋይ ተሸክሞ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ የሚቆርጡት ካሳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቃሉን ተከትሎ። በከተማዋ ስምምነት ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፦ ገንዘቡ የሚከፈለው ቃሉ እንዳይነገር ነው። በዕብራይስጥ «ፕሻራ» እንለዋለን፣ በአማርኛ ደግሞ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ዕርቅ» ይሉታል። ዕርቅ አይደለም። የክርክር መዝጊያ ውል ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘቡን ትተው ሌላ አሥር ዓመት ይከራከሩ ነበር?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። 13 ዓመት የታሰረ ሰው ጥያቄ የመለሰለትን እጅ ቢቀበል ማንም ሊፈርድበት አይችልም። የምለው ሌላ ነው፦ ፍርድ ባለመኖሩ ሁሉም ወገን የየራሱን ታሪክ ይዞ ቀረ። ትራምፕ በ2014 ስምምነቱን አሳፋሪ ብሎ ጻፈ፤ በ2016 እና ከዚያ በኋላም አቋሙን አልቀየረም። በ2024 አምስቱ በስም ማጥፋት ከሰሱት። የተጎዳችዋ ሴት ራሷ ጉዳዩ በስምምነት ባይዘጋና ፍርድ ቤት ቢታይ እመርጥ ነበር ብላ በይፋ ተናግራለች፤ እሷ ይህን ያለችው ለፖሊሶቹና ለዐቃብያነ ሕጉ ባላት ድጋፍ ነው። አያችሁ፣ ተቃራኒ የሆኑ ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ጎድሏቸዋል፦ በቃለ መሐላ የተሰማ፣ በዳኛ የተጻፈ መልስ። ጥሩ ፊልም ሠሪ ይህን ክፍተት ቢያሳየን ነበር ጥሩ። ዱቨርኔይ የሞላችው በትዕይንት ነው፤ ፊልም ደግሞ ፍርድን ሊተካ አይችልም። የፌርስታይን ክስ ያሳየን ይህንኑ ነው።

ሌላው መንገድ

ፍርድ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ለማየት ከኒው ዮርክ መውጣት አያስፈልግም። በ2008 የተከፈተው የፍሎይድ ክስ ፖሊስ ሰውን መንገድ ላይ አስቁሞ የሚፈትሽበትን አሠራር የሚመለከት ነው። ከሳሾቹ ይዘው የቀረቡት ጥያቄ ገንዘብ ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዳኛ ሺራ ሼንድሊን ፍርዳቸውን ሰጡ። ቁጥሮቹ የከተማዋ የራሷ ናቸው፦ ከጥር 2004 እስከ ሰኔ 2012 ፖሊስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰው አስቁሟል። 88 በመቶው ያለ እስርና ያለ ክስ ነው ያበቃው። ከላይ ከተዳሰሱት ውስጥ መሣሪያ የተገኘው በ1.5 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ከቆሙት 52 በመቶ ጥቁሮች፣ 31 በመቶ ላቲኖዎች፣ 10 በመቶ ነጮች ነበሩ፤ በ2010 የከተማዋ ሕዝብ ግን 23 በመቶ ጥቁር፣ 29 በመቶ ላቲኖ፣ 33 በመቶ ነጭ ነበር። ዳኛዋ ከተማዋ ሕገ መንግሥቱን ጥሳለች ብለው ጻፉ፤ አሠራሩን የሚከታተል ገለልተኛ ተቆጣጣሪም ሾሙ።

ይህም ቢሆን ቀጥተኛ ድል አልነበረም። ከተማዋ ይግባኝ አለች፤ በጥቅምት 2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አግዶ ዳኛዋን ከጉዳዩ አነሳቸው። በጥር 2014 አዲሱ ከንቲባ ይግባኙን እተዋለሁ አለ። ግን ፍርዱ ተጽፎ ነበር፣ አልተፋቀም። ዛሬ ማንም ተማሪ ከፍቶ ሊያነበው፣ ማንም ጠበቃ ሊጠቅሰው ይችላል። ለፍሎይድ ከሳሾች በነፍስ ወከፍ ሚሊዮን አልደረሳቸውም፤ ያገኙት ዓረፍተ ነገር ነው። አምስቱ ደግሞ ገንዘብ አገኙ፣ ዓረፍተ ነገሩን አላገኙም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ለእኔ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ።

ለእኛስ?

«ዌን ዜይ ሲ አስ» የወጣው ግንቦት 31 ቀን 2019 ነው። ልክ በወሩ፣ ሰኔ 30፣ በቂርያት ኻይም ከሥራ ውጭ የነበረ ፖሊስ የማኅበረሰባችንን ልጅ ተኩሶ ገደለ፤ መንገዶች ተዘጉ፣ ጎማ ተቃጠለ። በዚያ ሰሞን «እኛም እንዲሁ ነን» የማይል አልነበረም። ስሜቱ ይገባኛል። እንደ ግምገማ ግን ይህ ንጽጽር ቶሎ ይደክማል። የእኛ ወላጆች በመርከብ በሰንሰለት አልመጡም፣ የሃርለም ታሪክ የእኛ አይደለም፣ የእኛም የእነሱ አይደለም። ከፊልሙ የምንወስደው የቆዳ ቀለም መመሳሰልን ብቻ ከሆነ እንባችንን አፍስሰን እንቀራለን። የሚጠቅመን ጥያቄ የተለየ ነው፦ መንግሥት ሲከሰስ ከእሱ ምን ነው የምንፈልገው?

እዚህም ሁለቱ መንገዶች አሉ። በ2015 በሆሎን የወታደር ልብስ የለበሰ ልጃችን በፖሊስ ሲመታ በቪዲዮ ከታየ በኋላ ተቃውሞው የፓልሞርን ኮሚቴ ወለደ፤ በ2016 የወጣው ሪፖርት በመንግሥት ወረቀት ላይ በኢትዮጵያውያን ዝርያ እስራኤላውያን ላይ ዘረኝነት እንዳለ አምኖ ጻፈ። ከዚያ «ጠበቃ» የተባለው የእኛው ድርጅት ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ መንገድ ላይ አስቁሞ ቴውዳት ዜሁት የሚጠይቅበትን አሠራር ይዞ ባጋጽ ገባ። በጥር 2021 ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አቁሞ መታወቂያ የመጠየቅ ሥልጣን የለውም አለ። ይህ ከአምስቱ ስምምነት ይልቅ ለፍሎይድ ይቀርባል፦ ገንዘብ የለውም፣ ቃል አለው። እርግጥ ነው መንገድ ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ ያንን ፍርድ አያውቀውም፣ የሚያስቆመውም ፖሊስ ሁልጊዜ አያስታውሰውም። ግን ልጁ ቢያውቀው የሚጠቅሰው ነገር አለው። ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም ወጣቶቻችን በየማዕከሉ ሰብሰብ ብለው ፊልሙን ሲያዩ ከፊልሙ ቀጥሎ የፍርዱን ሁለት ገጽ፣ በዕብራይስጥም በአማርኛም፣ እንዲያነቡ የምመኘው።

«ዌን ዜይ ሲ አስ» ትልቅ ሥራ ነው፤ ላላየው ሰው ዛሬም እየው እላለሁ። ከልጆቹ ጋር ያስለቅስሃል፣ በሚገባ ያስለቅስሃል። ከእሱ ቀጥሎ ግን ዘጋቢ ፊልሙን ጨምረህ እይ፤ የአንትሮንን ድምፅ ስማ። ሁለቱንም ጨርሰህ ስትነሳ አምስቱ በመጨረሻ አሸነፉ ብለህ አትረፍ። ከእስር ወጡ፣ ካሳ ወሰዱ፣ ዩሴፍ ሳላም እንዲያውም በ2023 ሃርለምን ወክሎ የከተማዋ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያች ከተማ ስም ተቀምጦ ሕግ ያወጣል፤ ከተማዋ ግን እስካሁን እሱን ስለበደለችው በደል አንድ ዓረፍተ ነገር አላመነችም።